«ሰው የለኝም» ላለችው እናት

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከጀሞ ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ። ቃሉ ግን የእሷ ነው።

«እትዬ፣ ዕድሜዬ 34 ነው። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ስወልደው ምጡ ጸንቶብኝ ነበር። ሲወለድ አላለቀሰም። በኋላ ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ነው አሉኝ። አይቆምም፣ አይናገርም፣ አልፎ አልፎም ይጥለዋል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመውለዴ በፊት የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበርኩ። ጾም አላፈርስም፣ ከቅዳሴ አልቀርም ነበር። አሁን ካስቀደስኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ስጸልይ እንቅልፍ ይወስደኛል። ጓደኞቼ በአገልግሎት እያደጉ ነው፤ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሰው ‹እግዚአብሔር ሊያስተምርሽ ነው› ይለኛል። ምን እንደሆነ ሰባት ዓመት ሙሉ አልገባኝም። አንዷ ደግሞ ‹የሠራሽውን አንቺ ታውቂያለሽ› ብላኛለች። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ነው። ሰው የለኝም። መንፈሳዊ ሕይወቴ ሞቷል ብዬ ልተወው? ወይስ ተስፋ አለው?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሌሊት ነው፣ ልጄን ካገላበጥኳት በኋላ። የእኔም ልጅ እንደ ልጅሽ ናት። ዘንድሮ 17 ዓመት ሞላት። ስለዚህ ከሩቅ ሆኜ እንደምመክርሽ አታስቢ።

መጀመሪያ የዚያችን ሴትዮ ነገር እንጨርስ። የልጅሽ ሁኔታ ስም አለው፣ ምክንያትም አለው። ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ጉዳቱ በማህፀን ሊደርስ ይችላል፣ በምጥ ሰዓትም፣ ከተወለዱ በኋላም። ያለ ጊዜ መወለድ፣ አየር ማጠር፣ በጊዜ ያልታከመ ከባድ የሕፃናት ቢጫ በሽታ፣ ማጅራት ገትር ሊያመጡት ይችላሉ። ምጥ ጸንቶብሽ ነበር፣ ልጁም አላለቀሰም። ምናልባት የሆነው ነገር የሆነው በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። አንቺ እዚያ አልጋ ላይ ነፍስሽ ልትወጣ ስትታገዪ ነበር። ኃጢአት እየሠራሽ አልነበረም።

ሰው ግን ጥቅስ ይዞም ይመጣል። እኔ ቤት የመጣች አንዲት ሴት የዮሐንስ ወንጌልን ምዕራፍ 5 ገልጣ በጣቷ እያሳየች አንብባልኛለች። ጌታ 38 ዓመት የተኛውን መጻጉዕን ካዳነው በኋላ፣ የሚብስ እንዳይደርስበት ዳግመኛ ኃጢአት እንዳይሠራ ያስጠነቅቀዋል። ያ ጣት ለዓመታት ከዓይኔ አልጠፋም። በኋላ ገጹን ራሴ ገልጬ አየሁት። ጌታ ይህን የተናገረው ለራሱ ለሰውየው ነው፤ ከዳነ በኋላ፣ መቅደስ ውስጥ አግኝቶት። እናቱን አስጠርቶ አልወቀሳትም። እንዲያ ሆኖ ስለተወለደ ልጅ ሲጠየቅማ የሰጠው መልስ ሌላ ነው። ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ፣ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን እንደበደለ ጠየቁት፤ እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? እሱም አልበደለም፣ ወላጆቹም አልበደሉም አላቸው። በሁለቱ ታሪኮች መሀል ያለው አራት ምዕራፍ ብቻ ነው።

«ሊያስተምርሽ ነው» የሚሉሽን ግን እረዳቸዋለሁ። አብዛኞቹ የሚሉት በፍቅር ነው፤ ዝም ማለት ስለሚከብዳቸው ነው። እኔ ግን እናትን ለማስተማር ሲል የሕፃን አንጎል የሚጎዳ እግዚአብሔር አላውቅም። ልጅሽ የአንቺ ማስተማሪያ ሰሌዳ አይደለም። የራሱ ሕይወት ያለው፣ የሚወደውና የሚጠላው ያለው ሰው ነው። ተምሬያለሁ ወይ ካልሽኝ፣ አዎ፣ ብዙ ተምሬያለሁ። የተማርኩትን ሁሉ መልሼ ልጄ አንድ ቀን ከበር ሮጣ ብትመጣልኝ ግን እመርጥ ነበር። ይህን ለእግዚአብሔርም ነግሬዋለሁ። አልተቆጣኝም።

ወደ ጸሎትሽ ልምጣ። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ሱነማዊቷ ሴት አለች። ልጇ ጉልበቷ ላይ ሞተባት። ወስዳ በነቢዩ አልጋ ላይ አስተኛችው፣ በሩን ዘጋችና አህያ አስጭና ወደ ቀርሜሎስ ገሰገሰች። ኤልሳዕ ከሩቅ አይቷት ሎሌውን ግያዝን ላከው። ደኅና ነሽ? ባልሽ ደኅና ነው? ልጁስ ደኅና ነው? «ደኅና ነው» አለችው። ልጇ ሞቶ ነው እንዲህ የምትለው። እኔና አንቺ ይህን መልስ እናውቀዋለን። ደረጃው ላይ ጎረቤት ሲጠይቀን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እናልፋለን። ምን እንበል? ለሁሉም ሰው ሁሉን አትነግሪም።

ኤልሳዕ ዘንድ ስትደርስ ግን እግሩ ላይ ተደፋች። ያዘችው። ግያዝ ሊገፋት ሲመጣ ኤልሳዕ፣ ነፍሷ አዝናለችና ተዋት አለው። ከዚያ የልቧን ተናገረች። ልጅ ስጠኝ ብዬ ለምኜህ ነበር ወይ? አታታልለኝ አላልኩህም? አለችው። ለነቢይ የሚባል ቃል አይመስልም። ኤልሳዕ ግን አልገሠጻትም፤ ተነሥቶ ተከተላት።

እኔ ለብዙ ዓመት እግዚአብሔርን የማናግረው እሷ ግያዝን እንዳናገረችው ነበር። ውዳሴ ማርያሙን አደርሳለሁ፣ ዳዊቱን እደግማለሁ፣ በመጨረሻም «ተመስገን» ብዬ እነሣለሁ። ደኅና ነው፣ ደኅና ነው። አንድ ማታ ግን ልጄ የበላችውን ሁሉ መለሰችው። ገንፎውን ለማብላት አንድ ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር። ወለሉን እየወለወልኩ «ደክሞኛል፤ አንተም እያየህ ዝም ብለሃል» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ደነገጥኩ። ጸሎት የሚባል ነገር ከአፌ ከወጣ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ስጸልይ እንቅልፍ ይወስደኛል ብለሽ አፍረሻል። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነፍሴን ውሰዳት ብሎ ሲተኛ መልአኩ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ። ተነሥተህ ብላ አለው። በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩ አሁንም ቀስቅሶ አበላው። ስላንቀላፋ የወቀሰው የለም። ልጅሽን ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሺለት ከሆነ፣ እግዚአብሔር ፊት የወሰደሽን እንቅልፍ እንደ በደል አትቁጠሪው።

አሁን ስለ አንድ ትንሽ ነገር ልንገርሽ። ልጄ እጆቿን ትጨብጣለች። ጡንቻዋ ስለሚጠብቅ ነው። ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ጭብጧን መክፈት ነው። ካልተከፈተ ላብ ይጠራቀማል፣ ይሸታል፣ መዳፏ ይላጣል። መጀመሪያ ሰሞን በጉልበት ነበር የምከፍተው። ቸኩዬ ስስበው ይብስበታል፤ እሷም ታለቅሳለች። በኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት አሳየችኝ። የእጇን አንጓ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ማጠፍ፣ ከዚያ መጠበቅ። ዝም ብሎ ይዞ መጠበቅ። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ በጨርቅ አጥባለሁ፣ በጣቶቿ መሀል አደርቃለሁ። ለሁለቱ እጅ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ሥራ በረታብኝና ቤት ውስጥ የማለዳ ጸሎት ቀረ። አንድ ቀን እጇን ይዤ ስጠብቅ «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመርኩ። በአንዱ ጣት ፈቃድህ ይሁን፣ በሚቀጥለው የዕለት እንጀራችንን። በደላችንን ይቅር በለን ላይ ስደርስ እጇን በጉልበት የከፈትኩባቸው ጠዋቶች ትዝ አሉኝ። ልጄ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ቀጥሎ ይመጣል፤ ያ ደግሞ ያቺን ባለ ጥቅስ ሴት አስታወሰኝ። በየቀኑ እዚያ ጣት ላይ ስደርስ ትመጣብኛለች። ይቅር ለማለት ስድስት ዓመት ገደማ ወሰደብኝ። እግዚአብሔርም በጉልበት አልሳበኝም።

መንፈሳዊ እድገት የምትዪው ነገር እኔ ዘንድ የመጣው እንዲህ ነው። በጉባኤ ላይ አልነበረም። አንቺ ልጅሽን አርባ አምስት ደቂቃ እያበላሽ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ እስኪውጥ ጉሮሮውን እያየሽ የምትጠብቂውን ሰዓት ከጸሎት ውጪ የባከነ ሰዓት አድርገሽ ቆጥረሽዋል። በጌታ ዘንድ እንዲያ የተቆጠረ አይመስለኝም። የተራበ አበልቶ የተጠማ ያጠጣን ሰው «ለእኔ አደረጋችሁት» ያለው እሱ ነው።

ስለ ጓደኞችሽ። እነሱ እያገለገሉ ማደጋቸው እውነት ነው፤ ደስ ይበልሽ። ግን እድገትን በምን እንደምንለካው አስቢበት። ልጅሽ በአርባ ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ ከሆነ፣ ያኔ ምን ያውቅ ነበር? ጸሎተ ሃይማኖቱን የመለሰለት የክርስትና አባቱ ነው። ሥጋ ወደሙን ሲቀበል ጤነኛ ከሚባለው ሕፃን ያነሰበት ነገር አልነበረም። ሁሉም ሕፃን ታቅፎ ነው የሚመጣው። እኔም በ80 ቀኔ እንዲያው ነው የተቀበልኩት፤ ምንም ሳላውቅ፣ ምንም ሳልሠራ። ይህን የተረዳሁት ልጄ አሥር ዓመት አልፏት እንደ ሕፃን ታቅፋ ስትቆርብ ሳያት ነው። እኔ ከዘማሪነቴ፣ ከጾሜ፣ ከእውቀቴ ጋር ነበር ፊቱ የምቀርበው። እሷ ባዶ እጇን መጣች፤ እጇም የተጨበጠ ነው። ያው አንዱን ቁርባን ተቀበልን።

ቤትሽ ግድግዳ ላይ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሥዕል ይኖር ይሆናል። ብዙ ቤት አለ። አንድ እግራቸው ከሥር ወድቆ፣ በአንድ እግር ቆመው። ጥር 24 ቤተ ክርስቲያናችን የምታከብረው ስባረ ዐፅማቸውን ነው፤ አጥንታቸው የተሰበረበትን ቀን። ሥዕሉን ስንስል እግራቸውን መልሰን አንቀጥልላቸውም። እንደተሰበሩ ነው የምንሳለማቸው። ታዲያ ቆመን የምንሳለመው ሰዎች፣ በዊልቸር የመጣ ልጅ ሲያጋጥመን ፊታችንን ለምን እናዞራለን? ይህን ስጽፍ ልቤ ይቆጣል፤ አልደብቅሽም።

እኔም አንድ ጊዜ ተባርሬያለሁ። ልጄ ከበሮና ጸናጽል ስትሰማ ድምፅ ታወጣለች። ደስታዋ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «አውጫት፣ ሰው እየረበሸች ነው» አለኝ። ነጠላዬን ለብሼ ይዣት ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ከአጥር ውጭ ቆሜ ተሳልሜ ነበር የምመለሰው። ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ይቅር ካልኳቸው ሰዎች አንዱ ነው።

መጻጉዕን አነሣሁልሽ። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ በስሙ የተሰየመ ነው። አንድ ሽባ ሰው በየዓመቱ በስሙ እሑድ ይጠራለታል። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው ምን ነበር ያለው? ውኃው ሲናወጥ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም። ሰው የለኝም። ደብዳቤሽ ላይ ይህን ሳነብ ቆምኩ። አንቺ ሳታውቂው የእሱን ቃል ነው የጻፍሽው።

በዚህ ታሪክ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያመኛል። በዚያ መጠመቂያ አምስት መመላለሻ ሞልቶ የተኛው በሽተኛ ብዙ ነበር። ወንጌሉ የነገረን ግን የአንዱን መዳን ነው። የቀሩትስ? እኔ ከቀሩት ጋር ነኝ። እንጦጦ ማርያም ሄጃለሁ፣ ሽንቁሩ ሚካኤል ሄጃለሁ፣ ጻድቃኔ ማርያም ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ሱባኤ ገብቻለሁ። የዳነ ሰው አይቻለሁ። የእኔ ልጅ ግን እንደሄደች ተመለሰች። መልሱን አላውቀውም። ተአምር አይደረግም አልልሽም፤ ዛሬም እለምናለሁ። ካልሆነም ደግሞ እምነትሽ ስላነሰ ነው የሚልሽን አትስሚ። ጳውሎስም ሦስት ጊዜ ለምኖ መውጊያው አልተነሣለትም። የተሰጠው ቃል «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው።

ጸበል ስትወስጂው የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አታቋርጪ። አንድ ቀንም ቢሆን። ይህን እያለቀስኩ ነው የምልሽ፤ እኔ አቋርጬ ልጄ ለረጅም ሰዓት ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁና። በድንገት ማቆም አደጋው ከባድ ነው። ሃይማኖትን መዳፈር ነው ካሉሽ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በግልጽ ተናግረው ነበር። ውኃውም ቀዝቃዛ ከሆነ ጡንቻው ይጠብቃልና ጥቂቱን ቀድተሽ ለብ አድርገሽ አስነኪው። ስለ ጾሙና ስለ ቁርባኑ ሰዓት የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ቤት ድረስ ጥሪያቸው። አራተኛ ፎቅ ለአንቺ ከከበደሽ እሳቸው ይውጡት።

አሁን «ሰው የለኝም» የሚለውን። አራቱ ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ጣሪያ አፍርሰው ያወረዱትን ታስታውሻለሽ። ጌታ ያየው የተሸካሚዎቹን እምነት ነው፤ «እምነታቸውን አይቶ» ይላል። የእኔን ልጅ ወደ ቅዳሴ የመለሷት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። ከአጥሩ ውጭ ስቆም ያየኝ አንድ ጎረምሳ መጥቶ «እትዬ፣ እኛ ብንሸከማትስ?» አለኝ። የመጀመሪያው መልሴ «አይ፣ ተዉት፣ አታስቸግራችሁ» ነበር። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ትዕቢት ነው። ሰጪ መሆን ነው የለመድኩት። መቀበል አልተማርኩም ነበር። ያን ቀን ሲሸከሟት አብሬ ያለቀስኩት ስለ እግሯ አይደለም። አሁን በየተራ ይመጣሉ። ድምፅ ስታወጣ ከአጠገቧ ቆመው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ፣ እሷም በመንገዷ ትከተላለች።

አንቺ ዘማሪ ነበርሽ። እነዚያን ልጆች ታውቂያቸዋለሽ፤ የቀድሞ ጓደኞችሽ ናቸው። ደውዪላቸው። «ጸልዩልኝ» አትበያቸው፤ እሱን ይሉሻል ግን አይመጡም። «እሑድ በ12 ሰዓት ሁለት ሰው ልጄን ከአራተኛ ፎቅ አውርዶ ይሸከምልኝ» በያቸው። ሰው ምን እንደሚያደርግ ስለማያውቅ ነው ብዙ ጊዜ የሚርቅ። ባለቤትሽም በሳምንት አንድ ማታ ያብላው። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጡን፣ ትንሽ ትንሽ ማጉረሱን፣ ውጦ እስኪጨርስ መጠበቁን አሳዪው። መጀመሪያ ይፈራል፤ አትንጠቂው። ያን ሰዓት ተኚ። ፊዚዮቴራፒ የምትወስጂው ቦታ ወረፋ የሚጠብቁ እናቶች አሉ። ስልክ ተቀያየሩ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስን አስቢያቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ደብቀው ማሳደግ ይችሉ ነበር። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፍተው በየመድረኩ ስለ ልጃቸው በግልጽ ተናገሩ። እሳቸው በር ከከፈቱ በኋላ ስንት እናት ከጓዳ ወጣች።

አንድ ነገር ልጨምር። የቅዱስ ያሬድን ትል ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ስድስቴ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን ወጣች። ውብ ታሪክ ነው፤ ለተማሪ ልጅ እኔም እነግራለሁ። ለልጅሽ ግን መለኪያ አታድርጊበት። እሱ ዛፉን ላይወጣ ይችላል። ሰባት ዓመት ሠርታችሁ ያገኛችሁት አንገቱን ቀና ማድረግ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ቀን ሲመጣ ጎረቤት ጥሪና ቡና አፍዪ።

ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት ደግሜ አየሁት። ሦስት ገጽ ነው። ስለ ምጡ፣ ስለ ፎቁ፣ ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ጓደኞችሽ ጽፈሻል። ልጅሽ ምን እንደሚያስቀው አልጻፍሽም። የልጅሽ ስምም የለበትም። ጻፊልኝ። የክርስትና ስሙንም ላኪልኝ፤ ጠዋት የልጄን ጣቶች ስከፍት አብሬ አነሣዋለሁ። አውራ ጣቷ ላይ ገና ማንንም አላስቀመጥኩም።